ሳይጠይቅ የሚመጣ ሰው

የከተማዋን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ለማየት ትነሣላችሁ፤ ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ደግሞ ለማየት በተነሡ ሰዎች ነው። ትንሽ የገጠር ከተማ ናት ብላችሁ ያዙልኝ። ከጀርባዋ ጥድ የበዛበት ኮረብታ፣ ከፊቷ ሜዳ፣ ከመሐሏ አንድ ትልቅ ዋርካ አለ። ለረጅም ዘመን ማንም ሊያያት አልመጣም፤ እሷም እዩኝ ብላ አታውቅም።

በዚህች ከተማ አንድ ልማድ ነበረ። ሰው ሲሞት የአጋዘን ቀንድ ይነፋል። ቀንዱ ሌላ ሥራ የለውም፤ ለሠርግ አይነፋም፣ ሹም መጣ ተብሎም አይነፋም። ድምፁን የሰማ ሁሉ የያዘውን እዚያው ጥሎ ወደ ዋርካው ይሄዳል። ሸማኔው መወርወሪያውን፣ ገበሬው ሞፈሩን፣ ሴቷ ሊጧን ትታ ትነሣለች። በመንገድ ላይ «ማን ሞተ?» ብሎ መጠየቅ ግን ነውር ነው። ማን እንደሞተ የሚጠይቅ ሰው ለማን እንደሚሄድና ለማን እንደሚቀር ሊመርጥ ነው ይሉ ነበር። ቀንድ ነፊውም ሰው ተሰብስቦ እስኪያልቅ ድረስ የሟቹን ስም አይጠራም። ስም የሚጠራው ሁሉም ከመጣ በኋላ ነው። ስለዚህ በዚያች ከተማ ደሃም ሞተ ባለጠጋ፣ ደግም ሞተ ክፉ፣ ሰው አጥቶ የተቀበረ አልነበረም።

ቀንድ ነፊው ጋሽ ቢተው ይባላል። ደረቱ ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ ነው፤ ቀንዱንም ሥራውንም ከአባቱ ነው የወረሰው። ሚስቱ እትዬ አንጓች ከሁሉ ቀድማ ዋርካው ሥር የምትደርስ ሴት ነበረች። ሊጥ የነካ እጇን ሳትታጠብ ትመጣና ስም ሳይጠራ ማልቀስ ትጀምራለች። ባሏ እንኳ አንዳንዴ ይገርመውና «ማን እንደሆነ ሳታውቂ እንዴት ታለቅሻለሽ?» ይላታል።

«ሰው መሆኑን አውቅ የለ እንዴ!» ትለዋለች።

ልጅ አልወለዱም። እሱ እሷን፣ እሷ እሱን ይዘው ነው ያረጁት። ወደ ኋላ ላይ አንጓችን ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ከቤት እስከ ዋርካው ሁለት ሦስቴ ሳታርፍ መድረስ አቃታት፤ ያም ሆኖ ቀርታ አታውቅም።

ታዲያ አንድ ቀን ከበላይ ትእዛዝ ወረደ። እያንዳንዱ ከተማ ለጎብኚ የሚሆን አንድ መስህብ እንዲያቀርብ ተባለ። መስህብ የሌላት ከተማ መንገዷ አይጠገንም፣ ክሊኒክ አይሠራላትም፣ ካርታ ላይም ስሟ ደቀቅ ተደርጎ ይጻፋል። ጉዳዩን እንዲያስፈጽም የመስህብ ሹም የሚባል ሰው ተላከ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ክፉ ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር።

ሹሙ ፍለጋውን ኮረብታው ላይ ካለ አንድ ዋሻ ጀመረ። ባለሙያዎቹ ዕድሜውን ለማወቅ ግድግዳውን ሲያንኳኩ ዋሻው ተደረመሰ። ሰው አልተጎዳም፤ ነገር ግን የተደረመሰ ዋሻ በደንቡ መሠረት ጉድጓድ ስለሚባል ቀረ። ከዚያ ከኮረብታው ሥር ጥንታዊ ግንብ ተገኘ ተባለና ሁሉም ደስ አለው። ሲያጨበጭቡ ግንበኛው ራሱ ከሰው መሐል ወጥቶ፣ «ኧረ የእኔ ሥራ ነው። አምና ነው የጨረስኩት። እንዲህ ቶሎ ያረጃል ብዬ አላሰብኩም» አለ። በመጨረሻ በከተማዋ ያለፈ ንጉሥ ይኖር እንደሆነ ሽማግሌዎች ተጠየቁ። ሊያልፍ ነበር፣ በሌላ መንገድ ሄደ አሉ። ሹሙም ከምንም ይሻላል ብሎ «ንጉሥ ሊያልፍበት የነበረ መንገድ» የሚል ሰሌዳ አስተከለ። ሰሌዳው ዛሬም አለ፤ ፍየል ይታሰርበታል።

ሹሙ ተስፋ ቆርጦ ሊመለስ ሲል የስንብት ምሳ ተሰናዳለት። ወጡ እየወጣ ሳለ ቀንዱ ተነፋ። ወጥ የምታወጣው ሴት ጭልፋውን ለሹሙ አስይዛው ወጣች። ጠጅ ቀጂው ብርሌውን መሬት ላይ አስቀምጦ ወጣ። ሽማግሌዎቹ የጎረሱትን እያኘኩ ወጡ። ሹሙ ጭልፋውን እንደያዘ ደጅ ቢወጣ፣ ከየቤቱ፣ ከየእርሻው፣ ከገበያው ሰው ወደ ዋርካው ይጎርፋል፤ አንድም የሚጠይቅ የለም። ቆሞ አየ፣ አየና እንባው መጣ። የምር ነው ያለቀሰው። ከዚያ በእጅጌው ዐይኑን ጠረገና «ይኸው መስህባችሁ» አለ።

በማግሥቱ ጋሽ ቢተውን አስጠራው።

«ጋሽ ቢተው፣ ይህ ቀንድ በየቀኑ ቢነፋ ምን ይመስልዎታል?»

«ሰው በየቀኑ አይሞትም፣ ጌታዬ።»

«ልክ ነው። ግን የማይሞት ሰው አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ እኛ ቀደም ብለን መንፋታችን ነው እንጂ ውሸት የለበትም።»

ጋሽ ቢተው ብዙ አሰበ። «እንግዲያው ለእንግዶቹ ሌላ አነፋፍ ላውጣ። የከተማው ሰው እንዳይደናገር» አለ።

ሹሙ በእውነት አዘነ። «ጋሽ ቢተው፣ ስንት አገር አቋርጦ የመጣን እንግዳ በሐሰት ድምፅ እንቀበለው? ይህ ነውር አይደለም?»

እንዲህ ሲባል ምን ይመልሳል። ደግሞ ሹሙ ክሊኒኩ ከዋርካው አጠገብ፣ ከነሐኪሙ እንደሚሠራ በሰው ፊት ተናግሮ ነበር። ዋርካው ከጋሽ ቢተው ቤት ቢጣሩ የሚሰማበት ርቀት ላይ ነው። የአንጓች ትንፋሽ ማጠር ፊቱ ላይ ድቅን አለበት፤ እሺ አለ።

ማታ ሲነግራት አንጓች እስከ መጨረሻው ሰማችው። «ለእኔ ብለህ ነው?» አለችው።

«ለከተማው ነው።»

«ለእኔ ብለህ ነው» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ክሊኒኩ ተሠራ። ሲያልቅ ግን እንግዶቹ የሚያርፉበት ቤት ስላልነበረ፣ ለጊዜው ማረፊያና የቀንድ አዳራሽ ይሁን ተባለ። ቀንዱም በመስተዋት ሣጥን ገባ። ለጊዜው የተባለው እንደዚያው ሆኖ ቀረ። የሐኪሙ ክፍል በር ላይ «ሐኪም» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ውስጡ ለእንግዶች የሚከራይ ጥቁር ነጠላ ተሰቅሎበታል።

የእንግዶቹ መኪና ጠዋትና ከሰዓት መምጣት ጀመረ፤ ቀንዱም ጠዋትና ከሰዓት ይነፋ ጀመር። መጀመሪያ ሰዎቹ ሁሉ መጡ፤ እግራቸው አልቀር አላቸዋ! ውሸት መሆኑን እያወቁ ልባቸው ደንግጦ ይሮጣሉ። እንግዶቹም ተደነቁ። ቆይቶ እየተዘናጉ መጡ። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዱ ቀረ፣ ሌላውም የቀረውን አይቶ ቀረ። ሹሙ አልተቆጣም፤ ሰው ሥራ አለው አለ። ከሌላ ከተማ ለቅሶ የሚያምርላቸውን ሴቶች አስመጣ። እነዚህ ከእንግዶቹ ጋር በመኪና ይመጣሉ፣ ከእንግዶቹ ጋር ይመለሳሉ። የሚያለቅሱለት ሟች ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ነብር የገደለ ጀግና አባት። ባዶ የሬሳ ሣጥን ተዘጋጀ፣ እንግዶቹ ራሳቸው ተሸክመው እስከ መቃብሩ በር እንዲሸኙ ተደረገ። ከበሩ ወዲያ መንገዱ ጭቃ ስለሆነና የእንግዶች ጫማ ስለሚበላሽ ፕሮግራሙ እዚያ ላይ ያልቃል።

በዚህ መሐል እውነተኛ ሰው መሞቱ አልቀረም። ሹሙም ለመርዳት ብሎ፣ ሟች ያለው ቤት በእንግዳ ሰዓት ቢሸኝ ለሁሉም ይመቻል የሚል ደንብ አወጣ። ከዚያ ወዲህ የቱ ቀን የእውነት፣ የቱ ቀን የእንግዳ እንደሆነ የሚለይ ጠፋ። አንድ ጠዋት ጋሽ ቢተው ቀንዱን ነፍቶ ሲወርድ የልጅነት ጓደኛው ሸማኔው እምቢአለ ከሽመና ጉድጓዱ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ቢተው፣ የእውነት ነው ወይስ የእንግዳ?» አለው። ጋሽ ቢተው በጥፊ የተመታ ያህል ቆመ። በሕይወቱ እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም ይጠይቅ ጀመር፤ ሰው የሞተበትም ቤት በየደጁ ልጅ እየላከ «የእኛ የእውነት ነው፣ ኑልን» ማለት ለመደ።

ከተማዋ ግን ተመቻት፤ ይህን መደበቅ አልችልም። መንገዱ ተጠገነ። ቤቱን ለእንግዳ ያላከራየ፣ ለእንግዳ ያልሸመነ፣ ለእንግዳ ያልጋገረ ጠፋ። ሴቶቹ የጠዋቱ ቀንድ ሲነፋ ለእንግዳ ድስት ይጥዳሉ፤ እምቢአለ የከሰዓቱ ሲነፋ ሸማውን ሊሸጥ ይወጣል። ቀንዱ ሰዓት ሆነላቸው። ጋሽ ቢተው የታመመ ቀን ሥራ እንዳይበደል ተብሎ የቀንዱ ድምፅ ተቀድቶ በድምፅ ማጉያ ውስጥ ተቀመጠ።

አንጓች ብቻ እስከ መጨረሻው ትመጣ ነበር። ሣጥኑ ባዶ መሆኑን ታውቃለች። ዋርካው ሥር ደርሳ፣ ትንፋሿን ሰብስባ፣ ትንሽ አልቅሳ ትመለሳለች። እንግዶቹ የዝግጅቱ አካል ትመስላቸው ነበር። ሹሙም ወዷታል። ከዚያ አልጋ ላይ ዋለች።

«ቢተው» አለችው አንድ ከሰዓት፣ «ቃል ግባልኝ።»

«ምን ልግባልሽ?»

«የሞትኩ ቀን በየደጁ ዞረህ ሰው እንዳትለምንልኝ። ልጅ የለኝ የምትልከው፤ አንተ ነህ የምትዞረው። አልወድም። እኔ ተለምኜ አልሄድኩም፣ ተለምኖ የሚመጣልኝም አልፈልግም። ቀንዱን ንፋ። ሳይጠይቅ የሚመጣው ይምጣ።»

«ይመጣሉ» አላት ቢተው።

«አውቃለሁ። እኔ እመጣ አልነበር?» አለች።

ያረፈችው ጎሕ ሲቀድ ነው። ጋሽ ቢተው ዐይኗን ከደነ፣ እጇን አጣጠፈ፣ ወደ አዳራሹም ሄደ። የመስተዋቱን ቁልፍ የምትይዘው ወለላ የምትባል አስጎብኚ ልጅ ናት፤ ከሌላ አገር የተላከች።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ ገና እኮ ነው» አለችው።

«አንጓች አረፈች፣ ልጄ።»

ወለላ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ምንም ሳትናገር መስተዋቱን ከፈተችና ቀንዱን ሰጠችው። «እትዬ ብቻቸውን ናቸው? በሉ እኔ ሄጄ አብሬያቸው ልቀመጥ» አለች። እግረ መንገዷን ዘወር ብላ፣ «ጋሼ፣ ለሰፈሩ ልንገርላቸው?» ስትለው አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ቃሉ ቃል ነው።

ከዋርካው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ነፋ። አባቱ እንዳስተማረው፣ ደረቱ እስኪጎድል ነፋ። እዚያ ላይ ሆኖ ከተማው ሁሉ ይታየዋል። አንዲት ሴት ልብስ ስታሰጣ ቀና ብላ አየችና የቀረውን ማስጣት ቀጠለች። የእምቢአለ ሸማ መምቻ ድምፅ አልተቋረጠም። አንዱ ከአጥሩ ማዶ፣ «ጋሽ ቢተው! እንግዶቹ ዛሬ ማልደው መጡ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ቀንድ የያዘ ሰው ሰው ሳይሰበሰብ ስለማይናገር አልመለሰለትም። አፉን ጠርጎ እንደገና ነፋ። ቀንዱ በማለዳ መነፋቱ ድስት ለመጣድ ያስቸኮላቸው ሴቶች ነበሩ፤ ከየጣሪያው ጭስ ሲወጣ አየ። ከንፈሩ ደማ። የእነዚያን ሁሉ ሰዎች አባትና እናት ስም በዚህ ድንጋይ ላይ ቆሞ ጠርቶላቸዋል፤ አንጓች ከሁሉ ቀድማ አልቅሳላቸዋለች። ያኔ ነው እንባው የመጣው።

የመጡት እንግዶች ናቸው፤ በሰዓታቸው።

ወለላ የዝግጅቱን ባዶ ሣጥን ይዛ ጠበቀችው። «ጋሼ» አለችው ዐይኑን ሳታየው፣ «የሚሸከም ሰው የለም። በፕሮግራሙ ውስጥ... በዚያው እንሸኛቸው ይሆን?»

ሣጥኑን አየ፣ መንገዱን አየ፣ ብቻውን መሆኑንም አየ። «ይሁን» አለ።

እንዲህ ሆነ። አንጓች በዝግጅቱ ሣጥን ገባች። ከሌላ ከተማ የመጡት ሴቶች ከበቧትና ነብር የገደለ ጀግና አባታችን፣ ጫካው ያለ አንተ ምን ይሆናል እያሉ አለቀሱላት። አንጓች ዶሮ እንኳ ስትታረድ ዘወር የምትል ሴት ነበረች። እንግዶቹ ጥቁር ነጠላቸውን አስተካክለው ሣጥኑን አነሱ።

«ዛሬ ይከብዳል» አለ አንድ ጎረምሳ ጎብኚ።

«እንዲያ ነው መሆን ያለበት፤ አምና ስመጣ ባዶ እንደነበር ያስታውቅ ነበር» አለችው ከጎኑ ያለችው። «አሻሽለውታል።»

ጋሽ ቢተው ከኋላ እያለቀሰ ተከተለ። አንዲት አሮጊት ጎብኚ እጁን ይዛ፣ «አባባ፣ በጣም ጥሩ ነው የሚያለቅሱት። እኔንም አስለቀሱኝ» አለችው። እግዜር ይስጥልኝ አላት፤ ሌላ ምን ይላል። መቃብሩ በር ላይ ሲደርሱ ሣጥኑን አስቀመጡ፣ ፎቶ ተነሡ፣ አጨበጨቡ። ወለላ ፊቷን አዙራ ነበር። ቀንዱን ከእጁ ተቀብላ፣ «መልሼ እመጣለሁ ጋሼ» አለችውና እንግዶቹን ይዛ ወረደች። አልዋሸችም፤ ግን ያን ቀን እንግዳ በዝቶ ነበር።

ጋሽ ቢተው ከሣጥኑ ጎን ተቀመጠ። መቃብር አልተቆፈረም። ሬሳ ሲወጣ የሚቆፍሩት የመጡት ሰዎች ናቸው፤ ልማዱ እንዲያ ነው። ፀሐዩ ከፍ አለ፣ ከዚያ ዘመም አለ። የከሰዓቱ መኪና ሰዓት ደረሰ፤ እሱም አልተነሣም፣ ቀንዱም አልተነፋም።

ዝምታ ሆነ።

ቀስ በቀስ የሸማው መምቻ ቆመ። በር ሲከፈት ተሰማ፣ ሌላ በር ተከፈተ። ጋሽ ቢተው ቀና ብሎ ቢያይ ሰዎች ወደ ዋርካው እየሮጡ ነው። ዋርካው ሥር ሰው ሲያጡ ወደ እሱ ሽቅብ መጡ። እጃቸው ሊጥ እንደያዘ፣ መወርወሪያ እንደያዙ፣ ነጠላ ሳይደርቡ፣ ባዶ እግራቸውን፤ ድሮ ይመጡ እንደነበረው። ከተማው በሙሉ። ጋሽ ቢተው ልቡ ሊወጣ ደረሰ። ተነሥቶ ልብሱን አራገፈና ቆመ። ሁሉም እስኪደርሱ ጠበቀ።

ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው እምቢአለ ነው፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ቢተው፣ እንግዶቹ ቀሩ እንዴ?»

ጋሽ ቢተው አልሰማውም። ሰው ተሰብስቦ አልቋል፤ ስም የሚጠራበት ጊዜ ነው። እጁን ሣጥኑ ላይ አድርጎ ድምፁን ከፍ አደረገና፣ «አንጓች!» አለ።

እምቢአለ ሣጥኑን አየ፤ ቆቡን አወለቀ። «ውይ... አንጓችዬ» አለ። ከጎኑ ያሉት ሴቶች ደረታቸውን ያዙ። ከእነሱ ኋላ ያሉት ግን አልሰሙም። «ምንድን ነው?» አሉ። «ሰው ሞቶ ነው» አሏቸው። ወደ ኋላ ተላለፈ፤ «ሰው ሞቶ ነው።» «እንግዶቹስ?» «እንጃ፣ ሰው ሞቶ ነው አሉ።» «እንግዶቹ አልቀሩም?»

ይህን ጊዜ ከወደ ታች ቀንዱ ተነፋ። ሹሙ ሥራ እንዳይበደል ብሎ የተቀዳውን በድምፅ ማጉያው ለቆት ነው። የራሱ የጋሽ ቢተው ትንፋሽ ነበር፤ ረጅም፣ ጥርት ያለ፣ ከንፈሩ ሳይደማ የነፋው።

«ተመስገን» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። «መጥተዋል።»

«ተመስገን፣ ተመስገን» ተባባሉና መመለስ ጀመሩ። ድስት የጣደች ነበረች፣ በር ሳትዘጋ የመጣች ነበረች። ከፊት ያሉትም አንድ ሁለቴ እንባቸውን ጠርገው፣ ጋሽ ቢተውን ትከሻውን ነካ ነካ አድርገው ወረዱ። እምቢአለ መጨረሻ ቀረ። ቆቡን በእጁ ያሽከረክራል።

«ሸማ ላሳያቸው ቀጥሬያቸው ነበር፣ ቢተው» አለ። «ደጄ ላይ ቆመው እንደሆነ... መጣሁ፤ እዚሁ ጠብቀኝ።» ሲወርድ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነበር፣ ኋላ ሮጠ።

ጋሽ ቢተው ከመቃብር ጠባቂው ጎጆ ዶማ አገኘ። ኮቱን አውልቆ ሣጥኑ ላይ ደረበውና መቆፈር ጀመረ። አፈሩ ድንጋያማ ነው፤ ደረቱም እንደ ድሮው አይደለም። እያረፈ ቆፈረ። አንድ ጊዜ ሲያርፍ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አለ።

«መጥተው ነበር፣ አንጓች» አላት። «ሁሉም መጥተው ነበር። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም።»